አሥራ አንድ ሰከንድ

ሰው በጣም የሚሳሳለትን ነገር የት ነው የሚያስቀምጠው? ኮምፒውተር ጠጋኙ ሐኪም ይህን መጠየቅ የጀመረው ዘግይቶ ነው።

ሐኪም ያለው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሆዱ የተከፈተ ኮምፒውተር ላይ ሲያጎነብስ አይቶ። ደንበኛው የሆነችው መምህርትም ስሙን ለቀም አድርጋ፣ በመጣች ቁጥር «ሐኪሜ፣ በሽተኛችን እንዴት አደረ?» ትለዋለች። አንዴ የኮምፒውተሩ ድምፅ ጠፍቶ፣ አንዴ ቻርጅ አልቀበል ብሎ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳይሆን ይዛው መጣች። በዚያኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በበሩ ብቅ አለ።

«ለመሆኑ የታመመው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው?»

እሷ ሳቀች። ሐኪሙ የወደቀ ብሎን የሚፈልግ መስሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ኮምፒውተሩ የአባቷ ነበር። ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በር ቆልፈው ተመልሰው የሚገፉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ሩቅ አገር ስትማር፣ ዓይናቸው ደክሞ መጻፍ ሲያቅታቸው፣ ስትመለስ ትሰማዋለች ብለው ድምፃቸውን ይቀዱላት ነበር። ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ነግራዋለች። የት እንዳስቀመጡት ግን አላነሳችም፤ እሱም አልጠየቀም።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ የምሩን ታመመ። ሲስተሙ በአዲስ ካልተጫነ አይድንም አላት።

«ሁሉንም አስቀምጥልኝ፤ የአባባ ነገር አንድም እንዳይቀር» አለችው።

«አደራሽን ተቀብያለሁ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሐኪሙ የቆየ ልማድ አለው። ቤት የሚለቅ ሰው መጀመሪያ ጥራጊውን እንደሚደፋ፣ እሱም ፋይል ከመገልበጡ በፊት የተሰረዙት የሚጠራቀሙበትን ቅርጫት ባዶ ያደርጋል። ከዚያ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ የተማሪዎቿን ፈተና ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ፤ ሁለት ጊዜ አመሳከረ። አዲሱ ሲስተም እስኪጫን የሚላትን ያጠና ነበር፦ ከእንግዲህ በሽተኛ ሳትይዢም ነይ።

መጣች። አብርታ ፈገግ አለች። ከዚያ ቅርጫቱን ከፈተች፤ እጇም እዚያው ቀረ።

«ባዶ ነው።»

«አዎ፣ አጽድቼው…»

ድምፅዋን ሳታነሳ አስረዳችው። አባቷ የእህቷ ልጆች እየነካኩ እንዳያጠፉባቸው ቅጂዎቹን እዚያ ደብቀው ነበር፤ ቆሻሻ ውስጥ ማን እጁን ይሰዳል ብለው። እሷም አባባ ባኖረበት ይኑር ብላ፣ አንዱን አውጥታ ትሰማና መልሳ እቦታው ታኖረዋለች። እንዳያልቅባት በወር አንድ ብቻ።

«ያልሰማኋቸው ሰባት ቀርተው ነበር» አለች።

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረ። አዲሱ ሲስተም ቅጂዎቹ በነበሩበት ዲስክ ላይ ተጽፏል። የተጻፈበትን ደግሞ ማንም አይመልሰውም፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «ያንተ ጥፋት አይደለም፤ እኔም አልነገርኩህም» አለች። ሐኪሜ አላለችውም። ከቻለ እንዲሞክር ኮምፒውተሩን ትታለት ወጣች።

አራት ቀን ሞከረ። የፋይሎቹ ስም ይመጣል፤ ድምፅ የለም። ፀጉር አስተካካዩ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጣል። በአምስተኛው ቀን ሳይጻፍበት የተረፈ የአንዱ ቁራጭ ተከፈተ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ወንበር ይንቋቋል፣ ሽማግሌ ያስላሉ፤ «ልጄ፣ ዛሬ እንኳ የምነግርሽ…» ብለው ይቋረጣሉ።

ኮምፒውተሩን ታናሽ እህቷ መጥታ ወሰደችው። እሱ ለመምህርቷ ረጅም መልእክት ጻፈ፤ ይቅርታውንም፣ ሊላት ያጠናውንም። ሁሉንም አጠፋውና የአባቷን ድምፅ ብቻ ላከ። ከሥሩ «የተገኘው ይኸው ነው» ብሎ ጻፈ።

መልእክቱ ደርሷል። መልስ ግን የለም፤ እነሆ ሁለተኛ ዓመቱ። ዛሬ ሐኪሙ የማንንም ቅርጫት ባዶ አያደርግም። አንዳንዴ ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን ያየዋል። ምናልባት እሷም እንዳያልቅባት ድምፁን ሳትሰማው አኑራው ይሆናል።