የጴጥሮስ ዓይን

በ1995 የፈረንጆች ክረምት፣ መርጋ በስደት አገሩ፣ ሌክ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ባለው የሥዕል ፍሬም ሱቁ ውስጥ በገዛ መዶሻው ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ከራስጌው ለሽያጭ ያቆመው አሮጌ የጣሊያን ሥዕል ነበር፤ የጌታ የመጨረሻ እራት። በሐዋርያው ጴጥሮስ ዓይን ላይ ቢላ ተተክሏል።

በሩ አልተሰበረም። የሚያስፈራው ምንጊዜም ቁልፍ ያለው ሰው ነው፤ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሚስቱ ዳራርቱ፣ ሸሪኩ ፈዋዝና ፍሬም የምትቀባው ገነት ናቸው። ፖሊስ የጠረጠረው ዳራርቱን ነው። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ፣ በዋዜማው ስትጣላው የተሰማችውም እሷ።

«አሬስት ካደረጉኝ ልጄን መንግሥት ይወስዳታል» አለች ለመርማሪዋ ለኢቢሴ። ትንሿ ፋዮ ቀሚሷን ጨብጣለች። «የማታውቀው ሰው ቤት ታድራለች። ማን እንደሚነካት፣ ምን እንደሚያበሏት…»

«ክፉ ክፉውን አታስቢ፣ እህቴ።»

«ከክፉ ሌላ ምን አየሁ?»

ኢቢሴ የተወጋውን ሥዕል ሸፈነችው። ከዚያ ሥዕሉ ሲገዛ የተነሣውን ፎቶ ይዛ ሦስቱንም ለየብቻ «ይሁዳ የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀች።

ፈዋዝ ሳቀ። «እኔን እስላሙን? ለእኔ ሁሉም እራታቸውን እየበሉ ነው።»

ዳራርቱ ከረጢት የጨበጠውን አሳየች። «ከረጢቱ የሚቀመጠው ይሁዳ ዘንድ ነበር፤ መጽሐፉ ይላል።»

ገነት ሳታመነታ ጣቷን ሌላው ላይ አሳረፈች። «ይሄ ነዋ!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ገዳዩ ከጴጥሮስ ጋር ቂም የለውም» አለች ኢቢሴ። «ይሁዳን የወጋ መስሎታል። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥላል፤ ክፉውን ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ጣሊያኑ ይህን ልማድ አያውቅም። ጴጥሮስ ወደ ጌታ ዞሮ ሲያይ ከጎን ሣለው፤ ይሁዳን ወደ እኛ አዞረው። ዳራርቱ ያደገችው ሥዕል በሌለበት የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት ነው። ፈዋዝ መስጊድ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ አንዲት ብቻ ናት። ገነት፣ ይሁዳ ብለሽ ያሳየሽኝ ጴጥሮስን ነው።»

ገነት አልካደችም።

«በቀይ ሽብር ወንድሜን የጠቆመው መርጋ ነው። ከማዕዳችን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሄዶ ለቀበሌ ሰጠው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እዚህ አገር ሳገኘው አላወቀኝም። ‹እህቴ› እያለ ያሠራኝ ነበር። ቻልኩት። ይሄን ማዕድ አምጥቶ ፊቴ ሲያቆመው ግን…»

«የወጋሽው ጻድቁን ነው» አለች ኢቢሴ።

«ሥዕሉን ልሳሳት። መርጋን አልተሳሳትኩም።»

ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲወጡ ዳራርቱ የፋዮን አገጭ ይዛ ወደ በሩ አዞረቻት።

«ማሚ፣ ስቶፕ» አለች ልጅቷ።

ዳራርቱ አለቀቀቻትም። «በደንብ እያት፣ ልጄ» አለችና ድምጿን ከፍ አደረገች። «ገነት! ይቺም ታድጋለች።»