ነበር

ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የሚጢጢ ወንድም ጫማውን እየወለወለ ሳለ ቀና እንኳ ሳይል «ክፉ ሰው ነበር» አለ።

«ማን?» አለች እናታቸው፣ ፀጉሯን በሻሽ እያሰረች። የምትሠራው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መግቢያው ላይ ካልፈረመች ተቆጣጣሪዋ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ታጠቁርባታለች።

«አለቃው።»

«ያንን ሰውዬ ተወው ልጄ። ለፈጣሪ ስጠው።»

«ሰጥቼዋለሁ እኮ» አለና ፈገግ አለ።

እናቱ ፈገግታውን አይታ እፎይ አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ሚጢጢን በዓይኗ ጠርታ፣ ጆሮዋ ሥር «ተመስገን፣ ቀለለው» አለቻትና ወጣች።

ሚጢጢ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ከእናቷ በጣት በልጧል፤ ስሙ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተጣብቆባት አልለቀቃትም። ያወጡላት ወንድሟና ፉጨት ናቸው። ፉጨት የወንድሟ የልጅነት ጓደኛ ነበር። ሁለቱም እንጨት ቤት አብረው ይሠሩ ነበር፤ ጣውላ በተሸከመ ቁጥር ስለሚያፏጭ ነው ፉጨት የተባለው። ማሽኑ ሲጮህ እንኳ ፉጨቱ ከውስጡ ይሰማል ይላሉ። ሚጢጢን ሲያገኛት «እህት ዓለም፣ ዛሬም አልረዘምሽም?» ይላታል። እሷም ፊቷ እንዳይታወቅባት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። ክር የሌለው ጫማ ባደረገችበት ቀን ጉዷ ፈላ።

ከሰባት ሳምንት በፊት አንድ ጣውላ ከመጋዙ ማሽን ተስፈንጥሮ የፉጨትን ደረት መታው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ማሽኑ ክዳን ነበረው፤ ክዳኑ ባይነቀል ኖሮ ጣውላው ባልተስፈነጠረ ነበር። ሥራ ያዘገያል ብሎ ያስነቀለው አለቃው ነው። ለመርማሪዎቹ ግን «ራሱ ሟቹ ነው የነቀለው» አላቸው። የሚጢጢ ወንድም «ውሸት ነው!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸ። በማግስቱ ከሥራ ተባረረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሳምንት ሙሉ «እገለዋለሁ» ሲል ከረመ። በምሳ ላይ፣ ፊቱን ሲታጠብ፣ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ። እናቷ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይመክረዋል፣ ሁሉም ይፈራዋል። እውነቱን ለመናገር ግን «እገላለሁ» እዚያ ቤት እንግዳ ቃል አልነበረም። እናቷ ራሷ «ያን ብርጭቆ ሰብረሽ ጠብቂኝ፣ እገልሻለሁ!» ትላለች። ፉጨትም እርሳሱ ሲጠፋበት «ዛሬ ሁላችሁንም ነው የምገላችሁ!» እያለ፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ ተሰክቶ ሲያስቃቸው ይውል ነበር።

ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ወንድሟ ያን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላለም።

«ጋሽዬ፣ ሻይ ልጨምርልህ?» አለችው።

«ይብቃኝ።» ጫማውን አስቀመጠና ከኪሱ ቢጫዋን ሜትር አወጣ። ያቺን ሜትር ለሰው አበድሯት አያውቅም። ሚጢጢ አንድ ጊዜ መጋረጃ ለመለካት ወስዳበት ሳምንት አኩርፏታል። «ያዣት።»

«ምኑን?»

«ያንቺ ናት ከእንግዲህ። እኔም አናጢ ነበርኩ፤ አሁን ምን ያደርግልኛል?»

«እየቀለድክ ነው አይደል?»

«አንቺ ደግሞ፤ ሲሰጡሽ ያዥ እንጂ።» ራሷን ዳበስ አደረጋት። «ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ እንጨት ቤት ብቅ ብዬ የቀረ ዕቃዬን አመጣለሁ። ለእማዬ አትንገሪያት፣ በከንቱ ትጨነቃለች።»

ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሜትሯ ኪሷ ውስጥ ነበረች። ነገሩ ከነከናት። ምኑ እንደከነከናት ግን ልትይዘው አልቻለችም።

የያዘችው በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። የአማርኛ ፈተና ነበር። ከፊቷ ያለው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ኃላፊ ጊዜ ለውጡ። ሀ. ጎረቤታችን ደግ ሰው ነው።»

«ጎረቤታችን ደግ ሰው ነበር» ብላ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ።

ዓረፍተ ነገሩን ደግማ አነበበችው። ጎረቤትየው የሞተ መሰላት። አንዲት ቃል ብቻ ናት የተለወጠችው፤ ሰውየው ግን የለም። *ክፉ ሰው ነበር።* አለቃው ግን ትናንት እንኳ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ አይታዋለች። ወንድሟ ነው እሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ የለወጠው። ራሱንም ለውጧል። *አናጢ ነበርኩ።*

ሌላም ነገር ትዝ አላት። ቅዳሜ ዕለት አልጋው ሥር ስትጠርግ የመሣሪያ ጥቅሉ ተፈትቶ አይታ ነበር። መላጊያው አለ፣ መዶሻው አለ፣ የስለት መሳያ ድንጋዩም እርጥብ ሆኖ አለ። ሰፊው መሮ ግን ቦታው ላይ አልነበረም።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ በሹክሹክታ። ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ነው የሚሏት፤ ከማለዳ እስከ ማታ አትዘጋም። «‹ለ› ምንድን ነው መልሱ?»

«ሰውዬው አልሞተም» አለች ሚጢጢ።

«የቱ ሰውዬ? አቦ አታካብጂ፣ ጎረቤት ነው እኮ! ‹ለ›ን ንገሪኝ።»

ሚጢጢ ግማሹን ባዶ የሆነ ወረቀት ለፈታኙ ሰጥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆመች። ቤት ብትሮጥ ምን ትለዋለች? «ነበር አልክ» ትለዋለች? ይስቅባታል። እናቷ ጋ ብትደውል፣ እናቷ ደንግጣ ወዲያው ትደውልለታለች፤ እሱም ነገሩ እንደታወቀበት አውቆ ሰዓቱን ያስቀድማል። ዝም ብትልስ? ዝም ብትል ምናልባት ዕቃውን ብቻ ይዞ ይመለስ ይሆናል። «ምናልባት» ላይ ስትደርስ ግን ወደ ደረጃው ሮጠች።

የምክር አገልግሎቷ መምህርት ቢሮ ደረጃው ሥር ናት፤ ድሮ የጠመኔና የመጥረጊያ ዕቃ ቤት ነበረች። ተማሪዎቹ መምህርቷን ጆሮ ነው የሚሏት፤ ብዙ ሰምታ ጥቂት ስለምትናገር። እሷም ታውቃለች፤ እንዲያውም አንድ ቀን በሩ ላይ ጆሮ ሥለው ቢሄዱ ሳታጠፋው ተወችው።

«ቲቸር፣ በሕይወት ያለን ሰው ‹ነበር› ካሉት ምን ማለት ነው?»

ጆሮ አልሳቀችም። ወንበር ሳበችላት። «ማን ነው ያለው?»

ሚጢጢ ነገረቻት። መጀመሪያ እየቆጠበች፣ ኋላ ግድቡ እንደፈረሰ ውሃ። ስለ ክዳኑ፣ ስለ ፈገግታው፣ ስለ ሜትሯ። መምህርቷ ጣልቃ የገባችው በጥያቄ ብቻ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው መጮህ ያቆመው? ቀን ጠቅሷል? ሰዓትስ? የጠፋው ዕቃ ምንድን ነው? ከሜትሯ ሌላ ለሰው የሰጠው ነገር አለ? ሚጢጢ ሰኞ ዕለት አዲሱን ጃኬት ለጎረቤት ልጅ እንደሰጠ ትዝ አላት፤ እናቷ «ልቡ ራራ» ብላ ነበር።

«ስድስት ሳምንት የጮኸው ወንድምሽ አላስፈራኝም» አለች ጆሮ ቀስ ብላ። «የሚጮኽ ሰው ገና ሰው እንዲይዘው ይፈልጋል። የሚያሳስበኝ ይሄ ሰላሙ ነው።»

«ወንድሜ ክፉ አይደለም፣ ቲቸር።»

«አላልኩም። በደሉም እውነት ነው። ግን እዚህ ቦታ ድንገት ከሰማይ አልወደቀም፤ በእግሩ እየተራመደ ነው የደረሰው። በእግሩ የመጣ ሰው ደግሞ ሊመለስ ይችላል፣ የሚመልሰው ካገኘ። ማንን ይሰማል?»

ሚጢጢ አሰበች። «እኛን አይሰማም። አባባን ይሰማል።»

«ማናቸው?»

«የፉጨት አባት ናቸው። ሁለቱንም ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። መሮውንም የሰጡት እሳቸው ናቸው።»

መምህርቷ ሰዓቷን አየች፤ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችና እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች።

«የኔ ልጅ፣ አልዋሽሽም። ከአባባ በፊት ለፖሊስ እደውላለሁ። እንጨት ቤትም ደውዬ አለቃው ከዚያ እንዲርቅ እነግራለሁ። ይሄን በምስጢር ልይዝልሽ አልችልም።»

«ያስሩታል?»

«ሊያስሩት ይችላሉ።»

«ከሥራ ለምን እንደተባረረስ ይጠይቁታል? ስለ ክዳኑስ?»

«እኔ እንዲጠይቁት አደርጋለሁ። ቃል የምገባልሽ ይሄን ብቻ ነው።»

ሚጢጢ እያየቻት ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ የዳቦ ዋጋ የምትጠይቅ ይመስላል። ሰዓቱን ተናገረች፣ የወንድሟን መልክ ተናገረች። አባባ ከፖሊሶቹ ቀድመው እንዲያናግሩት ለመነች። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችና ወደ ሚጢጢ ዞረች።

«ዋናው በር ላይ እንቆማለን እያሉ ነው። በዚያ ነው የሚገባው?»

ሚጢጢ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

እንጨት ቤቱ ሌላ በር አለው። ከጀርባ፣ ሰጋቱራ ክምር የሚወጣበት፣ በሽቦ ብቻ የታሰረ ትንሽ በር ነው። ወንድሟና ፉጨት ሲያረፍዱ በዚያ ነበር የሚሾልኩት። አንድ ቀን ለእሷም አሳይተዋታል። ፉጨት ሽቦውን እየፈታ «እህት ዓለም፣ ይሄን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። ለነፍስ ካልሆነ በስተቀር እንዳታወጪ» ብሏት፣ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ሰጋቱራ እፍ ብሎ አራግፎላት ነበር።

ኪሷ ውስጥ ሜትሯን ጨበጠቻት። ከሦስቱ አንዱ ሞቷል። አንዱ በዚያ በር ሊገባ ነው።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

«በሰጋቱራው በር ነው» አለች ሚጢጢ። «ከጀርባ። ሽቦውን ወደ ግራ ነው የሚፈቱት።»

የሆነውን ኋላ የነገሯት አባባ ናቸው። ወንድሟ ለሰባት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል መጣ፤ ጫማው ያበራ ነበር። እሳቸው ሰጋቱራው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት፤ ፖሊሶቹ ከግንቡ ጀርባ ነበሩ። «ልጄን ቀበርኩ» አሉት። «አንተን ደግሞ በቁምህ አልቀብርም። መሮው የኔ ነው፤ አምጣው።» እሱም ከኮቱ ውስጥ አውጥቶ፣ አንድ አናጢ ለሌላው መሣሪያ እንደሚያቀብለው፣ ስለቱን ወደ ራሱ አዙሮ እጀታውን ሰጣቸው። ከሁለታቸው ቀድሞ ያለቀሰው ማን እንደሆነ ግን አባባ አልነገሯትም።

በሦስተኛው ቀን ከእናቷ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ቅያሪ ልብስና ሜትሯን ይዛለች። ወንድሟ እናቱን አቀፈ። እሷን አላያትም።

«እህትህ እኮ ናት!» አለችው እናቷ።

«እህት ነበረችኝ» አለ።

ሚጢጢ ሜትሯን ኪሷ ውስጥ መልሳ ከተተቻት።

አሥራ አራት ወር ሆነው። ሁለት ወር ታስሮ፣ ቀጥሎ አምስት ወር ሆስፒታል እየተመላለሰ ታከመ። የክዳኑ ጉዳይ እንደገና ተመረመረ፤ ማሽኑ ላይ አዲስ ክዳን ተገጠመ፤ አለቃው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ እንጂ ሌላ አልደረሰበትም። ወንድሟ አሁን አባባ ግቢ ውስጥ በር እና መስኮት ይሠራል፤ የሚያድረውም እዚያው ነው። ከሚጢጢ ጋር አይነጋገሩም። እሷ በሳምንት አንድ ቀን ምሳ ታደርሳለች፤ ሳህኑን የሚቀበሏት አባባ ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ሳህኑን ስትሰጣቸው፣ በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ወንድሟን «እዚያ እንጨት ቤት የነበረውን አለቃ ታውቀዋለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማች።

መላጊያው ቆመ።

«አውቀዋለሁ» አለ ወንድሟ። «ክፉ ሰው ነው።»