ለጭንቅላት የተረፈው ኮፍያ

«ልክ ደወሉ ሲጮኽ በልብህ ምን ነበር?»

ምን ነበር?

የማሽኑ ደወል በጮኸ ቁጥር ዶክተሯ የምትጠይቀውን ይህን ጥያቄ ቡሽ ስድስት ወር ሙሉ በውሸት ሲመልስ ኖሯል። ራሱ ላይ ሽቦ የበዛበት ኮፍያ ተደፍቷል። ግራ ካልሲው ውስጥ ደግሞ ፍላሽ አለ። ዶክተሯ የኮፍያውን ቅባት ልታመጣ ስትወጣ ከኮምፒውተሯ የገለበጠው ነው፤ የሁለት መቶ ሰው የአንጎል መዝገብ ቅጂ።

ቡሽ የሚሉት የሚሰልልላቸው ሰዎች ናቸው። ለእሷ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ጭንቅላቱን ለምርምር የሚያውስ ደግ ሰው።

«አንድ ደንበኛ ቤት የሚያፈስ ቧንቧ አለ» አለ። «ከሰዓት ሄጄ ልጠግነው እያሰብኩ ነበር።»

ዶክተሯ አልጻፈችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ተነቃብኝ፣ አለ በሆዱ።

«ሌላው ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ ወንድሜ? ‹ጫማዬ... እህቴ... ያ ዘፈን...› ብጥስጥስ ያለ ነገር። ያንተ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ሰው እንዲህ ሰድሮ አያስብም።»

ባሕር ማዶ ያሠለጠኑት ሰዎች ሐሰተኛ ሰው ከጫማው ጀምሮ እንዴት እንደሚገነባ አሳይተውታል። ያ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንደሚያስብ ግን ማንም አላስተማረውም።

«ማሽኑ እኔን ውሸታም ነው አለዎት እንዴ?»

«ማሽኑ ምን ያውቃል? ልብህ እዚህ እንዳልነበረ ያሳየኛል። የት እንደሄደ ግን አያሳየኝም። እሱን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ያውም ካወቅኸው።» ከት ብላ ሳቀች። «ቂሙን ሆድ ውስጥ፣ ሐሳቡን ልብ ውስጥ ስናስቀምጥ ኖረን፣ ለጭንቅላት የተረፈው ኮፍያ ብቻ ነበር። አሁን ሁሉንም ከዚያ ቆፍረሽ አውጪ ይሉኛል።»

«ማን ነው የሚልዎት?»

«ሰዎች። ሰው ሳይናገር ሐሳቡን የሚያነብ መሣሪያ ሥሪልን አሉኝ። አይቻልም አልኳቸው።» ኮፍያውን ቀስ ብላ አወለቀችለት። «በል ሂድ። ደክሞሃል። ይሄን ለማየት እንኳ ማሽን አያስፈልግም።»

ሁለት አውቶቡስ ቀያየረ። በሱቅ መስታወት ኋላውን ቃኘ። ማንም የለም።

አለቃው፣ ሁሉም አጎት የሚሉት ሽማግሌ፣ ላውንደሪው ውስጥ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ቡሽ ከኋላው ቆመ።

«ኮቱ ደረሰ?» አለ አጎት ዞር ሳይል፣ በሚስጥር ቃላቸው።

«እጀታው ብቻ ቀረው።»

ፍላሹ በተጣጠፈ ደረሰኝ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

«ጎሽ ልጄ። እንግዲህ ዶክተሯንም ስድስት ሰዓት ላይ እናነሳታለን።»

ቡሽ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«አትነካም ብለውኝ ነበር።»

«መዝገቡ እጃችን እስኪገባ ነዋ! ያለ አንባቢ ምን ይሠራልናል?»

«አይነበብም እኮ አጎቴ። ሐሳብ አያሳይም። ከእሷው አፍ ሰምቻለሁ።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ይላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ብቅሉን ለእኛ ተወው።» አጎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ነገ ቀለም ቀቢ ነህ። ወረቀትህ ተዘጋጅቷል።»

አምስት ሰዓት ከሃምሳ።

ተመልሶ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ደወለ፤ አይነሳም። ላቦራቶሪው ውስጥ የስልኳን ድምፅ እንደምትዘጋ ያውቃል። የማስጠንቀቂያ መልእክት ቢልክላት ደግሞ አንድ ቀን አጎት እጅ እንደሚገባ ያውቃል።

ቢሆንም ጻፈ፦

«ዶክተር ይውጡ። የኋላ በር። ሊወስዱዎት ነው። የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ይውጡ»

ላከው።

ደንቡ ስልኩን ወዲያው ጣለው ይላል። አልጣለውም። አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ሴትዮ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ።

በሳምንቱ፣ በሌላ ከተማ፣ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ቆሞ ግድግዳ ያነጣል። በየጥቂት ደቂቃው ብሩሹን ባልዲው ላይ አሳርፎ እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ ስልኩን ያያል። መልስ የለም።