በሽመሉ ውስጥ ሦስት ምት

ያን ቀን የእኔን ምት የመታው ማን ነው?

መልሱን እስካሁን አላውቅም። ግን ሆኗል። ሰው የነገረኝ አይደለም... በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጨለማ አትጠብቁ። ቀትር ነበር፤ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ የአሶሳ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት። ቦታው ከዳቡስ ወንዝ ወዲህ ያለ የሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ ጫካ ነው። ጊዜው 1989 ዓ.ም.፣ ክልሉ ገና አዲስ ነበር።

ቦዔዝ እባላለሁ፣ የባምባሲ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ኩባ ተልኬ፣ ስለ ዱር እንስሳት ተምሬ ስመለስ አዲሱ ክልል ቀጠረኝ። አገሬ ገባሁ ልበል ወይስ እንግዳ ሆኜ መጣሁ... ለራሴም አልለየልኝም ነበር።

ሰኞ የክልሉ ምክር ቤት ሊወስን ነው። ጫካው ለዝሆኖቹ ይከለል፣ ወይስ ሽመል ለሚቆርጥ ባለሀብት ይሰጥ?

"ዝሆን አለ ካልክ አሳየን" አለኝ አለቃዬ።

"ፋንድያቸውን አግኝቻለሁ።"

"ፋንድያማ የጎረቤቴ አህያም ትጥላለች!" ቢሮው በሳቅ ሞላ። "ፎቶ አምጣ።"

ስለዚህ ከዐወድ ጋር ጫካ ገባን። ዐወድ የሆሞሻ ሰው ነው፤ ቢሮው የቀጠረው የዱር እንስሳት ጠባቂ።

ሽመል ውስጥ ሁለት ክንድ ርቆ የቆመ ሰው አይታይም። ብትጣሩ ደግሞ አውሬው ይሸሻል። እነ ዐወድ እየተፈላለጉ የሚገናኙት ሽመሉን በዱላ እየመቱ ነው። አውሬው ነፋስ ያጋጨው ይመስለዋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምት አለው። የዐወድ ሁለት ፈጣን ነበር። ለእኔ ሦስት ዝግ ያለ ሰጠኝ።

"የሰው ምት አትምታ" አለኝ።

"ብመታስ?"

"ኩባ ይሄን አላስተማሩህም፣ ዶክተር?" ብሎ ሳቀ።



ጥቂት እንደገባን ዱካ አገኘን። ትልቅ፣ ክብ፣ አዲስ።

የዝሆን!

ፋንድያውም አለ። እጄን አስጠጋሁ... ይሞቃል።

ግን አንድም ዝንብ አላረፈበትም።

ዐወድ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። እኔም አየሁ። ዱካው ጥቅጥቅ ባለው ሽመል መሃል ሰንጥቆ ያልፋል... አንድ ሽመል እንኳ አልተሰበረም። አልጎበጠም።

"ቦዔዝ" አለ በሹክሹክታ። ዶክተር አላለኝም። "ይሄ ጥሩ አይደለም። እንመለስ።"

"ሰኞ ምን ልበላቸው?"

"የለም በል።"

"ይቆርጡታል እኮ፣ ዐወድ። የአባትህ ቀፎዎች ያሉበትን ጫካ።"

ዐወድ መሬቱን በዱላው ቆረቆረ።

"ወላሂ፣ አንተ ችግር ነህ" አለ በመጨረሻ። "እኔ በቀኝ እዞራለሁ። አንተ እዚህ ቁም። ዝሆን ከወጣ፣ ፎቶ።"

ሄደ። ከሦስት እርምጃ በኋላ ሽመሉ ዋጠው።

ኳኳ። የዐወድ።

ኳ... ኳ... ኳ። የእኔ።

ነፋስ የለም። ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ባንዴ ዝም አሉ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ፍርሃቴን በቀልድ ላባርረው ፈለግኩ... እና ሁለት መታሁ። የእሱን።

ኳኳ።

ዝምታ።

ከዚያ ከግራ በኩል...

ኳ... ኳ... ኳ።

ፈገግ አልኩ። ዐወድ ብድሩን መለሰልኝ ብዬ።

ግን ዐወድ የሄደው በቀኝ ነው።

የእጅ ሬዲዮዬ ተንጫጫ። ለክፉ ቀን ብለን ነበር አንድ አንድ የያዝነው።

"ቦዔዝ... የኔን አንተ መታህ?"

"ቀልድ ነው።"

ትንፋሹ ይሰማኛል።

"የኔን አንተ ከወሰድክ... ያንተ ማን ጋ ነው?"



ኳ... ኳ... ኳ። ከግራ።

"እሺ፣ ሰማሁህ" አለ ዐወድ፣ የመታሁት እኔ መስሎት። "ከዚያ እንዳትነቃነቅ። ወዳንተ እየመጣሁ ነው።"

ድምፁ ከሬዲዮው ጠፋ።

ወደ እኔ እንዲመጣ ሽመሉን በኃይሌ መታሁት። ሦስት ጊዜ። እጄ ነዘረኝ።

ድምፅ አልወጣውም።

ድምፁ የወጣው ከግራ ነው።

ኳኳ። የዐወድ... ከኋላዬ እያለፈ፣ ወደዚያ።

ወደ ግራ ስዞር ዝሆኑ ቆሟል።

በሽመሎቹ መሃል። ግራጫ፣ ግዙፍ። ጆሮው አይንቀሳቀስም። ሆዱ በትንፋሽ አይነሳም፣ አይወርድም። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ! ያን ፎቶ አንስቼው ቢሆን ያ ጫካ ባልተመነጠረ ነበር።

እጄ ግን ወደ ሬዲዮው ሄደ።

"ዐወድ... የሚመታው እኔ አይደለሁም። አትሂድ። ከሰማኸኝ ሁለት ምታ።"

የራሴ ድምፅ ከዝሆኑ ጀርባ ተሰማኝ። ቀጭን፣ የሚንጫጫ... ከዐወድ ሬዲዮ።

"...ሁለት ምታ።"

ዝሆኑ ቀስ ብሎ ዞረ። ወደ ውስጥ ገባ። አንድ ሽመል አልተሰበረም።

ጆሮዬን ሽመሉ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ... ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅኩ።

ዐወድ አልመታም።