የውጭ ሰው አልገባም

ሙሐመድሰዒድ ሞቶ የተገኘው ከሰመራ ወጣ ብሎ ባለው የራሱ የጨው ማሸጊያ ግቢ፣ መለዋወጫ በሚቀመጥበት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ ከቀትር ዕረፍት ሲመለሱ ፎርማኑ ሙእሚን በሩን ስቦ ከፈተና ጮኸ። ሰውየው ሸሚዙን ቀዶ ጥሎ በሩ ሥር ተደፍቷል።

ኢንስፔክተር ሠርካዲስ ስትደርስ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ጎንበስ ብላ የሟቹን እጆች አየች። መዳፎቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል።

አብሯት የመጣው ሐኪም «ሙቀት ነው የገደለው፤ ልቡ አልቻለም» አላት።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?» ስትል ሙእሚንን ጠየቀችው።

«ኧረ አልተቆለፈም። ገርበብ ብሎ ነበር።»

«እንዴት እንደከፈትከው አሳየኝ።»

ሙእሚን አንገቱ ላይ የጣለውን ፎጣ በእጁ ጠቅልሎ የበሩን የብረት ዘንግ ያዘና ሳበው። ሠርካዲስ የሟቹን መዳፎች ዳግመኛ አየች። በሩ ክፍት ከነበረ፣ ሰውየው እጁ እንዲህ እስኪሆን ምን ሲደበድብ ነበር?

«በቀትር ግቢው ውስጥ ማን ይቆያል?»

«ከጋሼ ሙሐመድሰዒድና ከዘበኛው በቀር ማንም። አዲሱ የአሠሪዎች ደንብ ከመጣ ወዲህ በቀትር ሙቀት ማሠራት ክልክል ነው። ሁላችንም እንወጣለን፤ ጄኔሬተሩም ይጠፋል።» ሙእሚን ፎጣውን አንገቱ ላይ መለሰ። «ከጋሼ ጋር በዚሁ ደንብ ተጣልተናል። ሊያባርሩኝ ነበር። ከሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ከኮንቴይነሩ ርቆ ባለው የግቢው በር ላይ የዋለውን ዘበኛ ስትጠይቀው መልሱ አጭር ነበር። «የውጭ ሰው አልገባም።»

በቢሮው ውስጥ የሟቹ ስልክ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ደጋግሞ ይጠራል። አጠገቡ የተቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛው ሀብተ ሥላሴ ሊያነሳው አልደፈረም።

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚተዉት» አላት። «ነገ ንግድ ቢሮ ቀጠሮ ነበረን። ኩባንያውን በእሳቸው ስም ብቻ ልናዞር።»

«አሁን በማን ስም ነው?»

«በሁለት ሰው። ድሮ እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ ስለነበር፣ የባለቤታቸውን ወንድም አብዱልበሲጥን ለስሙ ያህል አስገቡት። አዲሱ የንግድ ሕግ ግን አንድ ሰውም ብቻውን መሆን ይችላል ብሏል።»

«አብዱልበሲጥ ይህን ያውቃል?»

«ትናንት በስልክ ነገሩት። ‹ሕጉ ካንተ ገላገለኝ› አሉት፣ እየሳቁ።»

«እሱስ ሳቀ?»

«እኔ እንጃ። ጋሼ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ አልሳቁም።»

«እርስዎስ ከሟቹ ጋር ቅሬታ ነበረዎት?»

«ነበረኝ። ደንቡ ሲጣስ የሚጠየቀው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ በሥራ አስኪያጅነት የተመዘገብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እሳቸው ‹አሠራቸው› ይሉኛል፣ እኔ እታሰራለሁ። እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ነፍስ ግን አላጠፋም።»

ሠርካዲስ ወደ ሟቹ ቤት ስትሄድ ሚስቱ ኡምሰልማ በሴቶች ተከብባ ታለቅስ ነበር። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ወንድሟ አብዱልበሲጥ በመኪናው ደረሰ። ከአዋሽ ሲመጣ መንገድ ላይ መርዶውን እንደሰማ ተናገረ። ውሃ ሰጡት።

ኡምሰልማ በልቅሶዋ መሀል ቀና ብላ «በግራህ ትጠጣለህ?» አለችው።

ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። በመሐረብ ተጠቅልሏል። «ሚሌ ላይ ራዲያተሩ ፈልቶ ቆመብኝ፤ ክዳኑን ስከፍት ውሃው ለበለበኝ።»

ሠርካዲስ መሐረቡ ላይ ያለውን የዝገት ቀለም አይታ ዓይኗን መለሰች። ሲነጋ ወደ አዋሽ ደውላ ስለ እሱ ስትጠይቅ ያነጋገራት ባለ ሆቴል «ባለ ፋብሪካውን ነው?» አላት። «ትናንት ገና ጎህ ሲቀድ ነው የወጡት።» ጎህ ሲቀድ የወጣ ሰው በቀትር ሰመራ ይደርሳል።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ ሁሉንም ኮንቴይነሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። ግቢው ጭር ብሏል። የጨው ክምሩ ዓይን ይወጋል።

«አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ በሩን ይክፈቱልኝ።»

ሀብተ ሥላሴ ሳያስበው ኮቱን አውልቆ በእጁ ጠቀለለና ዘንጉን ያዘ። ሠርካዲስ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ሟቹ በሩን ደብድቧል፤ ስለዚህ ከውጭ ተቀርቅሮበታል። ሲገኝ ግን ክፍት ነበር፤ ስለዚህ የዘጋበት ሰው ቆይቶ ከፍቶለታል። ለመርዳት ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር። እዚህ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ብረት በቀትር በባዶ እጁ አይነካም፤ ሙእሚንም ሀብተ ሥላሴም እጃቸው ጤነኛ ነው። የዘጋው ይህን የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ዘበኛው ተመለከተች። «ትናንት በቀትር አቶ አብዱልበሲጥ ገብተው ነበር?»

ዘበኛው ደነገጠ። «አዎ፤ ከጋሼ ጋር ሊነጋገሩ ሁለት ጊዜ ገብተው ወጡ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እሳቸው እኮ ባለቤት ናቸው፤ የውጭ ሰው አይደሉም።»

ሠርካዲስ አብዱልበሲጥ ፊት ቆመች። «ከራዲያተር የሚፈናጠር ውሃ የእጅን ጀርባና ክንድን ይልጣል። መሐረቡን ይፍቱት።»

አልተንቀሳቀሰም። መሐረቡን የፈታችው ኡምሰልማ ናት። መዳፉን አቋርጦ በአራቱም ጣቶች ላይ ያለፈ አንድ ቀጥ ያለ የቃጠሎ መስመር ታየ። የእጁ ጀርባ ደህና ነበር።

«ሲዘጉ ተቃጠሉ፤ ሲከፍቱ ግን በመሐረብ ያዙት። ዝገቱ ከዚያ ነው የመጣው» አለች ሠርካዲስ።

አብዱልበሲጥ እህቱን ብቻ እያየ ተናገረ። «ኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። ላስፈራራው ነበር፤ ቃሉን እስኪመልስ ብቻ። አዋሽ ላይ ሰው ሁሉ ባለ ፋብሪካው ነው የሚለኝ። በዚያ ስም ነው የምከበረው፣ ሽማግሌ የምባለው። እሱ በአንድ ስልክ፣ እየሳቀ…»

«ሲደበድብ ትሰማው ነበር?» አለችው ኡምሰልማ።

«ከኮንቴይነሩ ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጭ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ኤሲው ተከፍቶ…»

«ትሰማው ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

ወደ ኮንቴይነሩ በር ተመለከተ። «መጀመሪያ ላይ» አለ።

ኡምሰልማ እጁን ለቀቀችው። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲሄዱ ስሟን ጠራት፤ አልዞረችም። ነጠላዋን ራሷ ላይ አጥብቃ ወደ ሙእሚን ሄደች።

«ጀናዛው ምርመራው አልቆ ከዱብቲ ሆስፒታል መንገድ ጀምሯል» አለችው። «ሰዎቹን ጥራልኝ። ለዓሱር ሰላትና ለቀብሩ መድረስ አለብን።»