ያልታረመችው መስመር

ክቡራን አንባብያን፣ በታላቅ ትሕትና የምንገልጽላችሁ ጉዳይ በሕንድ አገር በትሪቫንድረም ከተማ፣ በአንድ የሶፍትዌር ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንዲት የመቶኛ ምልክት ሰባት ወር ሙሉ ሳትታረም መኖሯን ነው።

የጻፋት ፕሮግራም ሠሪው ራጂሽ ነው። በእሷ ሰበብ መስመር የሚጠፋብኝ እኔ፣ ጂንሲ፣ ነበርኩ።

ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ከመቶኛ ምልክት ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል በቦታው ምን እንደሚሞላ ይናገራል። ራጂሽ ማንም የማያውቀውን ፊደል አስገባ። ለእንዲህ ያለ ጥፋት የቋንቋው ደንብ ምንም አልደነገገም፤ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት እያንዳንዱ ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ፣ እንደ አመሉ ያድራል። የራጂሽ ኮምፒውተር ምልክቷን እንዳለች አትሞ ያልፋል። እኔ አራተኛ ፎቅ የምፈትሻቸው ትንንሽ የውኃ ቆጣሪዎች ግን መስመሩን ሙሉ ውጠው ዝም ይላሉ። መስመሯም «ፍተሻው አልቋል» ከማለት ሌላ ሥራ የላትም።

መጀመሪያ የወረድኩ ዕለት ልጣላው ነበር።

«እኔ ጋ ይሠራል» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«አንተ ጋ ምን የማይሠራ አለ? ና ውጣና እኔ ጋ እየው።»

ወጣ። ቆጣሪው ፊት ብዙ ቆመ። የሚያየው ቆጣሪውን እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። እስከ ሐሙስ አርማለሁ ብሎ ወረደ።

አላረመም። በየሐሙሱ ልወቅሰው እወርዳለሁ፤ ወቀሳው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት፣ በተጠበሰ ሙዝ ያልቃል። ዝናብ ከያዘን ደግሞ ይረዝማል። ያን ዝናብ ዛሬም እናፍቀዋለሁ።

በሰኔ እናቴ ዱባይ የሚሠራ ሙሽራ አገኘችልኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ፣ ባለ መኪና። የዱባይ ሙሽራ ደጅ ላይ አይቆምም፣ እሁድ መልስ ይፈልጋል አለችኝ። ራጂሽ ሂንዱ ነው፤ ሞተር ሳይክሉም የወንድሙ።

ነገርኩት። ሻዩን ሲያማስል ቆየ።

«ጥሩ ነው» አለ።

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የፈለግኩት። እሱ ያላት ግን ያችኛዋ አልነበረችም።

በማግስቱ አለቃችን ላቲካ ሁለታችንንም ጠራችን። የስህተቶቹን መዝገብ ከፍታለች። ራጂሽ በሰባት ወር ከሁለት መቶ በላይ ስህተት አርሟል፤ እኔ ሃያ ስምንት ጊዜ ያመለከትኳትን ግን አልነካትም።

«አንዲት ፊደል ናት» አለችው። «የት እንዳለች ጠፍቶህ ነው?»

«አውቃታለሁ፣ ማዳም። ካየኋት ሰባት ወር ሆነኝ።»

ጆሮው ቀልቷል። እኔ እግሬን አያለሁ።

እሁድ እናቴን እምቢ ያልኳት፣ ሁለት ዓመት የቤተሰብ ቁጣ እስኪበርድ ጠብቀን የተጋባነውም፣ ከዚያ ቀጥሎ በሰማሁት መልስ ነው።

«ታዲያ ለምን አላረምካትም?»

«አልናገርም፣ ማዳም። ካረምኳት ግን ሐሙስ የሚወርድልኝ የለም።»