ሎቱን ፍለጋ የመጣው ሰው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ስልኬን አውጥቼ መነካካት የምጀምር ሰው ነበርኩ፣ ሙት ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እንቅልፍ አንሶት ነው ብዬ የማልፍ፣ አሁንም ቢሆን አምናለሁ ብዬ አይደለም፣ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ኦክላንድ ውስጥ አንድ ታይትል ኩባንያ ነው የምሠራው፣ ቤት ሲሸጥ መሬቱ ከጥንት ጀምሮ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እናጣራለን። ድሮ፣ ከተማው ገና ሜዳ ሳለ፣ ሜዳውን በሰንሰለት ለክተው፣ ካስማ ተክለው፣ ካርታ ላይ መስመር አስምረው፣ ሎት በሚሏት ቁራሽ መሬት እየከፋፈሉ በጨረታ ይሸጡ ነበር፣ መሬቱን በዓይኑ ሳያይ የሚገዛም ነበር፣ ደርሶ ቦታው የጠፋበትም አይጠፋም ነበር። ለኔ ግን ይሄ ሁሉ ሥራ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሬን ዘግቼ እወጣለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ስንለያይ እሷና ልጃችን ሳን ሆዜ ቀሩ፣ እኔ የቤት ዋጋ የወደቀበት ጊዜ ነበርና እዚሁ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ትንሽ ቤት ገዛሁ። ትንሽ ስላችሁ፣ ለአንድ ሰው ግን ትሰፋለች፣ ቴሌቪዥን የምከፍተው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ሲመሻሽ፣ ዕቃ እያጠብኩ ከጓሮ ሰንሰለት ሲጎተት ሰማሁ፣ ደረቅ ሣር ላይ፣ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። የጎረቤት ውሻ ነው አልኩ። ቀጥሎ እንጨት በእንጨት ሲመታ ተሰማኝ፣ ካስማ እንደሚተክል ሰው፣ ቀስ እያለ። ውሻው መሞቱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

የጓሮውን በር ከፈትኩ። ጭጋግ ወርዷል፣ አጥሩ ጋ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።

«ምን ልርዳህ?» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«ሎቴን እየፈለግኩ ነው» አለኝ ሳይዞር። «ገዝቼዋለሁ፣ ግን የት እንደሆነ የሚያሳየኝ አጣሁ።»

«ይሄ የኔ ቤት ነው።»

«አይቻለሁ» አለ፣ አልተቆጣም፣ ደክሞታል እንጂ። «መብራት ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሜዳ ነው።»

እመኑኝ፣ ቀና ብዬ አየሁ። ጎረቤቴ አደይ ለተብርሃን፣ ኤርትራዊት እናት ናቸው፣ የኩሽናቸው መብራት ሁልጊዜ በአጥሩ በኩል ይታየኛል፣ ያን ዕለት የለም፣ የመንገዱም መብራት የለም፣ በቅርብ የሚያልፈው ባቡር ድምፅ እንኳ የለም። ጭጋጉ ነው አልኩ ለራሴ።

«ብርዱ ከባድ ነው» አለ ሰውዬው።

ለምን እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም፣ ብርድ ላይ የቆመን ሰው ግባ ማለት ልማድ ሆኖብኝ ይሆናል፣ «ግባ» አልኩት። በሩን ሰፋ አድርጌ ልከፍት ዞርኩ፣ መለስ ስል ማንም የለም። ካስማም፣ ሰንሰለትም የለም፣ ከአጥሩ ማዶ የአደይ መብራት ቦግ ብሏል።

በማግስቱ አደይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራፌ ላይ ቆሙ።

«ዳዊት ልጄ፣ ክፍል አከራየህ እንዴ?»

«ኧረ አላከራየሁም አደይ። ምነው?»

«ትናንት ሲመሽ በጓሮ በር የገባውን ሰውዬ አይቼ ነዋ። ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው፣ ጨዋ ሰው ይመስላል። ደስ አለኝ፣ ብቻህን ስትሆን እጨነቅልህ ነበር።»

«መብራትዎ እኮ ጠፍቶ ነበር።»

«የኔ? ኧረ ቆሜ ወጥ ስሠራ ነው ያየሁት።»

«ሲወጣስ አይተውታል?»

ትንሽ አሰቡና «አይ፣ ሲወጣ አላየሁትም» አሉኝ።

ቤቱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፣ ቁም ሳጥኖቹን ሳይቀር፣ ምንም የለም። ይሄው ዓመታት አለፉ፣ ቤቱን ልሸጥ ብዬ ስንቴ ተነስቻለሁ፣ እሱን ምን እንደማደርገው እያሰብኩ እተወዋለሁ። ከሥራ ስመለስ ግራ ቀኙን አይቼ፣ ማንም የማያየኝ መሆኑን ሳረጋግጥ፣ የገዛ ቤቴን አንኳኩቼ ነው የምገባው።